ለእትዬ አስካለ የቀመስኩበት ዓመት

ዘንድሮም ሁዳዴና ረመዳን አንድ ላይ ገቡ። እዚህ ወልድያ፣ እኛ ሰፈር፣ ከሰዓት በኋላ ከአጥሩ ወዲያ ጎረቤቴ ሽንኩርት በዘይት ታቁላላለች፤ ከአጥሩ ወዲህ ልጄ ለሳምቡሳ የሚሆን ምስር ትቀቅላለች። ሁለቱም ፆመኞች ናቸው። በቀደም ልጄ ማንኪያ እንደያዘች ከወጥ ቤት ብቅ አለችና "እማ፣ ጨዉን ማን ይቅመስልኝ?" አለችኝ። የሽንኩርቱ ሽታ በአጥሩ ላይ ተሻግሮ ፊቴ ላይ ሲያርፍ፣ መልስ መስጠቱን ትቼ ብቻዬን ሳቅኩ። ከሳቅኩ ብዙ ጊዜዬ ነበር።

ዒዳ ላይ ነኝ። ባሌ ከሞተ ወዲህ ከቤት አልወጣም። እሱ ረመዳን በገባ ቁጥር፣ አፍጥረን ሆዳችን ሞላ ሲል፣ ትራሱን ተደግፎ "እስቲ የዶሮዋን ንገሪን" ይለኝ ነበር። መቶ ጊዜ የሰማውን ነገር ገና ሳልጀምረው ይስቃል። ዘንድሮ ንገሪን የሚለኝ ስለሌለ ልጽፈው ተቀመጥኩ። እጄ ቀርፋፋ ነው። አንዳንድ ቀን አንድ አረፍተ ነገር ጽፌ እነሳለሁ፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ እሷንም እሰርዛታለሁ።

ያኔ መርሳ ነበርን፤ እኔም የፊት ጥርሶቼ የወለቁ የአንደኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። አባቴ ከሀብሩ አትክልተኞች ማንጎና ብርቱካን እየገዛ በጭነት መኪና ወደ ደሴ የሚልክ ነጋዴ ስለነበር፣ ቤታችን ግማሹ መኖሪያ፣ ግማሹ የፍራፍሬ መጋዘን ነው። አልጋዬ ሥር ሳይቀር ያልበሰለ ማንጎ ጭድ ለብሶ ይተኛል። ሌሊት ስገላበጥ የሚሸተኝ እሱ ነው፤ መጀመሪያ እንደ ቅጠል፣ ከዚያ እንደ ማር።

ከእኛ ጋር አጥር የሚጋሩት እትዬ አስካለ ነበሩ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አጥብቀው አስረው የሚንጎራደዱ ሴት። በመርሳና በዙሪያዋ፣ እስከ ግራና ድረስ፣ ክርስቲያን ልጁን ሲድር ወጡን የሚሠሩት እሳቸው ናቸው። ከእናቴ ከዘሀራ ጋር ነገራቸው አንድ ነበር። እናቴ ደግሞ በሙስሊሙ በኩል ያለውን ድግስ ትይዛለች። እኛ አገር ሰርግ ሁለት ዳስ ነው፤ ደጋሹ ክርስቲያን ከሆነ ለሙስሊም እንግዶቹ ሙስሊም አርዶ፣ ሙስሊም ሠርቶ ለብቻ ይቀርባል፤ ደጋሹ ሙስሊም ሲሆንም እንደዚያው። ሥጋው ለየብቻ ይሁን እንጂ ሽንኩርቱን ሁለቱ ሴቶች አንድ ጥላ ሥር ተቀምጠው፣ አንድ ላይ እያለቀሱ ነው የሚከትፉት።

እትዬ ቤት መደርደሪያ ላይ፣ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ አንድ ሳህን፣ አንድ ጣሳና አንድ ማንኪያ ነበር። የእኛ ነው። ሥጋ ነክቶት አያውቅም። ለሌላ ሰው ሲቀርብበት አይቼ አላውቅም።

የደርግ ጊዜው ጦርነት ካለፈ ብዙ አልቆየም ነበር። እናቴ "በጦርነቱ ጊዜ ሰው የሚዳረውም የሚቀበረውም በንፍሮ ነበር" ትለን ነበር። አሁን እህል ወደ ገበያ ተመልሷል፤ በርበሬ በየአጥሩ ላይ ይሰጣል። ሰው ሁሉ መብላት ባማረው ጊዜ ነው ሁለቱ ፆሞች ተያይዘው የመጡት። መርሳ ባንድ ጀምበር ዝም አለች። ምግብ ቤቶቹ በራቸውን ገርበብ አደረጉ፤ ባለ ሥጋ ቤቱ ወንበር ደጅ አውጥቶ ዳማ መጫወት ጀመረ። ከሐራ ገበያ የሚነዱት ፍየሎች በአስፋልቱ መሀል ለመሀል ዝንጥ ብለው ሲሄዱ ሳይ ፆም መሆኑን ያወቁ ይመስለኝ ነበር። አንዷማ ሥጋ ቤቱ በር ላይ ቆማ ባለቤቱን ትክ ብላ አየችው። እንደምታሾፍበት አልተጠራጠርኩም።

በዚያ ሰሞን አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ እትዬ አስካለ በአጥሩ ቀዳዳ በኩል ሲጣሩ ሰማሁ።

"ዘሀራ! ያቺን ልጅ ላኪልኝማ፤ ምላሷን ፈልጌው ነው!"

ደብተሬን ጣልኩና አልጋው ሥር፣ ማንጎዎቹ መሀል ገባሁ። ሥጋ ቤት የበሬ ምላስ ተሰቅሎ አይቻለሁ። እናቴ በእግሬ ጎትታ ስታወጣኝ ፀጉሬ ጭድ ሆኗል።

"ምን ሆነሽ ነው?"

"ምላሴን ይቆርጡታል።"

እናቴ እስክትንበረከክ ሳቀች። "ኧረ በአላህ! እሳቸውም ፆመኛ፣ እኔም ፆመኛ፤ ጨው የሚቀምስ ጠፍቶ ነው እኮ! ሂጂ፣ ራቢያዬ፣ አብሽሪ።"

ሥራዬ እንዲህ ተጀመረ። መጀመሪያ ቤታችን የእናቴን ሾርባ፣ የእናቴን የሳምቡሳ ምስር እቀምሳለሁ። ከዚያ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልኬ እትዬ ጋ እሄዳለሁ። እናቴ ጋ ነገሩ ቀላል ነው፤ "ጎደለ" ወይም "በቃ" ካልኩ አለቀ። እትዬ ጋ ግን ሥርዓት ነበረው። በርጩማ ላይ እቀመጣለሁ። በውሃ እጉመጠመጣለሁ። እሳቸው ያቺን ማንኪያ ከጨርቋ ፈተው ሽሮውን ጨለፍ አድርገው እፍ እፍ ይሉልኛል።

"ቶሎ እንዳትውጪው። ምላስሽ ላይ አንሸራሽሪው። እህ፣ ምን ይላል?"

"ጥሩ ነው።"

"ጥሩ ነውማ እንግዳ ነው የሚለው! አንቺ እንግዳ ነሽ? መጀመሪያ የመጣው ማን ነው?"

"ሽሮው።"

"ቀጥሎስ?"

"ነጭ ሽንኩርቱ።"

"ጨዉስ የታለ?"

"እ... በር ላይ ቆሟል። አልገባም።"

እትዬ እጃቸውን አጨበጨቡ። "እሰይ! እንግዲህ ግባ እንበለው" አሉና በጣታቸው ቆንጥረው ጨመሩበት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚቀመሰው ነገር ሁሉ ሰው ሆነልኝ። ስልጆው በሰናፍጩ አፍንጫ የሚመታ ባለጌ ነው። የሱፍ ፍትፍቱ ፀጥ ያለች ሴት። ድፍን ምስሩ ሲናገር የሚደጋግም ሽማግሌ። እትዬ አንዱንም አልረሱም፤ በማግስቱ "ያ ባለጌ ዛሬስ ታርሟል?" ብለው ይጠይቁኛል።

እሳቸው ግን አይቀምሱም። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው፣ ፆማቸውን ገድፈው፣ ገበታው ፊታቸው ቀርቦ እንኳን "ጨዉ ስንት ይላል?" ብለው እኔኑ ይጠይቁኛል። እኔ ይህን የቅድስና ብዛት አድርጌ ነበር የወሰድኩት። ሌላው ክርስቲያን ከሥጋና ከቅቤ ይፆማል፤ እትዬ ከጣዕምም ጭምር ይፆማሉ ብዬ። ለክፍል ጓደኞቼ "የኛ ጎረቤት በጣም ጻድቅ ናቸው" ብዬ አወራሁ።

ሽሮው እስኪንተከተክ ድረስ እትዬ የድሮውን ያወሩኛል። በልጅነታቸው ወልድያ ከአንድ ትልቅ ሰው ግቢ፣ ወጥ ቤት ውስጥ ነው ያደጉት። የዚያን ቤት አበላል ሲነግሩኝ ለእኔ ተረት ነበር። ወጡ ለብቻው ቤት አለው፣ እንጀራው ለብቻው፣ ጠጁ ለብቻው። ግብር በሚበላበት ቀን አጋፋሪው በር ላይ ይቆምና ማን ከማን ቀጥሎ እንደሚገባ፣ ማን የት እንደሚቀመጥ በዓይኑ ብቻ ያዛል። መጀመሪያ ትልልቆቹ ይበላሉ፤ እነሱ ሲነሱ ቀጣዮቹ፤ እንዲያ እያለ እስከ ፈረስ ያዡ። የመጨረሻዎቹ ከመጀመሪያዎቹ ይልቅ ይስቃሉ፣ ምክንያቱም የሚቆጣቸው የለም።

"ወጥ ቤቷ ደግሞ ጌታው ሳይጎርሱ ትጠራለች" ይሉኝ ነበር። "ከወጡ መዳፏ ላይ ጠብ ታደርግና፣ እያዩዋት ትልሰዋለች።"

"ለምን?"

"መርዝ እንደሌለው እንዲያዩ። ኋላ ኋላ ግን እንዲያው ክብር ሆነ። እኔ ስቀምስ ግቢው ሁሉ ፊቴን ነበር የሚያየው። ፊቴ ከበራ ይጎርሳሉ።"

ጌታው ሲበሉ መጋረጃ ይጋረድ እንደነበርም የነገሩኝ ያኔ ነው። የሰው ዓይን እንዳያገኛቸው ነው አሉኝ። እኔ ግን አላመንኩም። ከፊት ጥርሶቼ ጋር ሳስተያየው ነገሩ ግልጽ ነበር፤ ጌታው ጥርስ አልነበራቸውም። በማግስቱ በእረፍት ሰዓት የእናቴን ሻሽ አናቴ ላይ ጣል አድርጌ ከሥሩ ብርቱካን በላሁ። ልጆቹ ከበቡኝ።

"ምን እያደረገች ነው?"

"ግብር እየበላሁ ነው። ዞር በሉ።"

እስከ ዓመቱ መጨረሻ "ደጃዝማች ራቢያ" ሲሉኝ ከረሙ። ባሌም ሲቆጣኝ በዚሁ ነበር የሚጠራኝ።

ኢድ ሁዳዴው ሳያልቅ መጣ። እናቴ ፆሟን ስለፈታች ምላሷ ተመለሰላት፤ እኔም ከቤታችን ሥራ ተሰናበትኩ። የኢድ ዕለት እትዬ በነጭ ቀሚሳቸው እንኳን አደረሳችሁ ሊሉን መጡ። እናቴ ለእሳቸው ብላ የምስር ሳምቡሳ ለብቻ ጠብሳ አቆይታለች። ወጥ ቤቱ በር ላይ ተቀምጠው እየተጫወቱ ሳለ፣ እናቴ እንግዳ ልትቀበል ወጣ አለች። እሳቱ ላይ የነበረው ወተት ገንፍሎ ማረር ጀመረ። እኔ ከጓሮ ሆኜ ሸተተኝ። አባቴ ከሳሎን ሆኖ "ኧረ ምን ይቃጠላል!" አለ። እትዬ ግን ከምድጃው አንድ ክንድ ርቀት ላይ ተቀምጠው፣ ፈገግ እንዳሉ፣ ደጅ ደጁን ያያሉ። ጢሱ ዓይናቸው ውስጥ ሲገባ ነው ደንግጠው የተነሱት። እየጸለዩ ነበር ብዬ አሰብኩ። እናቴ ድስቱን አወረደች፣ እትዬን አየቻቸው፣ አንድም ቃል አልተናገረችም።

ፋሲካ ሲመጣ ሥራዬ ያበቃ መስሎኝ ነበር። የበዓሉ ማግስት ግን በአጥሩ ቀዳዳ ያው ድምፅ መጣ፤ ያውም ዝግ ብሎ።

"ራቢያ፣ ነይማ።"

ስገባ በሩን ዘጉት። ምድጃው ላይ አልጫ ጎመን አለ። ማንኪያዋ ከጨርቋ ተፈትታለች።

"ፆሙ ተፈትቷል እኮ እትዬ" አልኳቸው። "ለምን እርስዎ አይቀምሱትም?"

በርጩማው ላይ እሳቸው ተቀመጡ። እንደ እኩያቸው ቆጥረው ነገሩኝ። ከጥምቀት በኋላ ከባድ ጉንፋን አልጋ ላይ ጥሏቸው ነበር። ሲነሱ ሽታም ጣዕምም አብሮ ሄዷል። ምላሳቸው እንጨት ሆኗል። ፆሙ ሲገባ እፎይ አሉ፤ ማንም የማይቀምስበት ጊዜ ነውና። እስከ ፋሲካ ይመለሳል ብለው ተስፋ አድርገው ነበር። ትናንት ዶሮ በሉ። ውሃ የበሉ ያህል ነበር።

"ለዳግማይ ትንሣኤ የደምሴ ልጅ ሰርግ ነው" አሉ። ጋሽ ደምሴ ታናሽ ወንድማቸው ናቸው። "ሙሽራው የወልድያ ልጅ ነው። አያቱ አባባ ካሳዬ አብረው ይመጣሉ። ታውቂያለሽ ማን ናቸው? ያኔ የነገርኩሽ አጋፋሪ እሳቸው ናቸው። የእጄን ወጥ ያውቁታል። ጨው ቢበዛ፣ ቢያንስ..." አቋረጡት። "ወጥ ሠሪ አንዴ ምላሷ መሞቱ ከተሰማ ማን ይጠራታል? ከባልቴቶቹ መሀል አስቀምጠው 'እማማ ይጉረሱ' ይሉኛል። ኧረ ወዲያ!"

የጻድቅነቱ ነገር ያን ቀን አበቃ። እኔን ግን ያስጨነቀኝ ሌላ ነገር ነበር።

"እኔ ልቅመስልዎት?"

"በምን አንጀትሽ? የክርስቲያን ዶሮ ነው እኮ! እናትሽ ምን ትለኛለች?"

እናቴ ያለችው ይህ ነው። እትዬ እጄን ይዘው ወስደውኝ፣ አንገታቸውን ደፍተው ሲነግሯት፣ የምትለቅመውን ምስር አላቆመችም።

"አውቃለሁ" አለች።

"ምኑን?"

"ሁዳዴ ሊገባ ሲል የላኩልን ሽሮ አንድ ቀን ባሕር ነበር፣ አንድ ቀን ውሃ። ልጅቷ መቅመስ ስትጀምር ነው የተስተካከለው። እትዬ፣ እኔን ሞኝ አደረጉኝ?"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

"እርስዎ ዝም ሲሉ ጊዜ ነዋ!"

ሁለቱም ሳቁ፤ እትዬ ግን ዓይናቸው ሞላ። እናቴ ሰፌዱን አስቀመጠችና እንደ ነጋዴ ሚስት ነገሩን አገላብጣ አየችው። "ዶሮው መቼ ነው የሚገባው?" አለች።

"ቁሌቱ ሲበስል ነዋ።"

"ከዚያ በፊትስ ድስቱ ውስጥ ምን አለ?"

"ሽንኩርት፣ በርበሬ፣ ቅቤ..."

"እና? ሽንኩርት ሃይማኖት አለው እንዴ? በእኔ ድስት ይሥሩት፣ ልጅቷ ትቅመሰው፣ ከዚያ ዶሮዎን ይክተቱ። ድስቱንም ለሰርጉ ሰጥቻለሁ።"

እትዬ ግንባሯን ሳሟት። ችግሩ ግን ገና ነበር። ቁሌት ላይ ልክ የሆነ ጨው፣ ዶሮው ሲገባ ያንሳል፤ ዶሮው ይጠጣዋል። ስለዚህ ቁሌቱ ላይ ምን ያህል መብዛት እንዳለበት ምላሴ መማር ነበረበት። ያን ሳምንት በድንች ተለማመድን። እትዬ ቁሌት ይሠራሉ፣ እቀምሳለሁ። ድንቹ ገብቶ ይበስላል፣ እንደገና እቀምሳለሁ። ጨዉ "ይጮሃል" ካልኩ በኋላ ድንቹ ሲገባ ዝም ይላል፤ ጨዉ "ያወራል" ካልኩ ግን ድንቹ ሲገባ ጨርሶ ይጠፋል። በሳምንቱ መጨረሻ የእኛም ቤት፣ የእትዬም ቤት፣ የባለ ሥጋ ቤቱም ቤት ድንች ወጥ ይበላ ነበር። አባቴ ገበታው ሲቀርብ ቀና ብሎ እናቴን "ዘሀራ፣ በዚህ ከተማ ፍየል አልቋል እንዴ?" አላት።

የሰርጉ ዕለት ጋሽ ደምሴ ግቢ ከማለዳ ጀምሮ ጢስ ነበር። ከወዲያ ዳስ እናቴ የታረደላትን በሬ ሥጋ ታዛለች፤ ከወዲህ እትዬ ሽንኩርቱን ደረቁን ያቁላላሉ። ያን ሽታ እንዴት ልጻፈው? መጀመሪያ ዓይን ያቃጥላል፣ ከዚያ ውሃው ይመጠጣል፣ ከዚያ ሽንኩርቱ ሽንኩርት መሆኑን ረስቶ ጣፋጭ ነገር ይሆናል። በርበሬው ሲገባበት ጎረቤት ሁሉ ያስነጥሳል። ቅቤው ሲከተል ማስነጠሱ ያቆምና ሰው አንገቱን ማስገግ ይጀምራል። ዶሮዎቹ በሎሚና በጨው ታጥበው፣ ታጥበው፣ ውሃው እንደ ምንጭ ውሃ ጠርቶ በገበቴ ይጠብቃሉ።

ሴቶቹን እትዬ ሰበብ እየፈለጉ አንዷን ውሃ፣ አንዷን እንጨት አሏቸው። ብቻችንን ስንሆን ማንኪያዋ ወጣች። ተጉመጠመጥኩ። ዓይኔን ጨፈንኩ።

"ንገሪኝ፣ ልጄ።"

"ሽንኩርቱ ይቀድማል። ማንጎ ሊበስል ሲል እንዳለው ይጣፍጣል። ከዚያ በርበሬው ይመጣል። አይነክስም፤ ጉሮሮ ላይ ቁጭ ይላል። ኮረሪማው ወደ አፍንጫ ይወጣል። መጨረሻ ላይ ጨዉ መጥቶ ሁሉንም ይሰበስባቸዋል።"

"ያወራል ወይስ ይጮሃል?"

"ያወራል።"

ቆንጥረው ጨመሩ፤ አማሰሉ። እንደገና ቀመስኩ።

"አሁን ጮኸ!"

"ተመስገን!" አሉና ዶሮውን ከተቱት። እኔም ማንኪያዬን ይዤ ራቅ ብዬ ቆምኩ። ከዚያ በኋላ ያ ድስት የእኔ አልነበረም።

ሙሽራው በመኪና ጥሩምባ፣ በእልልታ ገባ። እንግዳው ተቀመጠ፤ ዶሮው ለሙሽራው ወገን ገበታ ወጣ። እትዬ እጃቸውን እያሻሹ ከዳሱ ጀርባ ቆሙ። ጭፈራው ዝግ ሲል ጋሽ ደምሴ እየሮጡ መጡ፤ ፊታቸው አመድ መስሏል።

"እትዬ፣ አባባ ካሳዬ እጃቸውን ታጥበው ተቀምጠዋል፤ አይጎርሱም! ወጥ ቤቷ ትምጣና እንደ ድሮው ትቅመስልኝ ይላሉ።"

"እኔ?"

"እሳቸው ካልጎረሱ ማን ይጎርሳል? ገበታው በሙሉ እጁን አንስቶ እየጠበቀ ነው! ምን አጥፍተሻል?"

እትዬ ነጠላቸውን አስተካከሉና፣ ሳያስቡት ይመስለኛል፣ እጄን ጨብጠው ሄዱ። አባባ ካሳዬ መሀል ላይ፣ ጋቢ ለብሰው፣ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ጢማቸው እንደ ጥጥ ነው። እትዬ እጅ ነሱ። ከወጡ መዳፋቸው ላይ ጠብ አደረጉና ላሱት። ዳሱ በሙሉ ፊታቸውን ያያል። እኔ ፊታቸውን ለማየት ፈርቼ እግራቸውን አየሁ።

አባባ ካሳዬ እጃቸውን ዘርግተው እትዬን በነጠላቸው ጫፍ ሳብ አደረጓቸው። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ከእኔና ከእትዬ በቀር የሰማ የለም።

"አስካለ፣ ጠጋ በይ። ዓመት አለፈኝ፤ ውሃውም ወጡም አንድ ሆኖብኛል። ለእነዚህ አልነገርኳቸውም። ብነግራቸው አጥሚት ነው የሚግቱኝ። የምጎርሰውን ሳላውቀው መጉረስ ሰለቸኝ፤ አንቺ ታውቂያለሽ፣ ንገሪኝና ልጉረስ።"

እትዬ አዩኝ። ያን አስተያየት እስከ ዛሬ አልረሳውም፤ መሳቅም ማልቀስም የፈለገ ዓይን ነበር። ከዚያ ወደ ሽማግሌው ጆሮ ጎንበስ አሉ።

"ሽንኩርቱ ይቀድማል፣ ጌታዬ። ማንጎ ሊበስል ሲል እንዳለው ይጣፍጣል።"

አባባ ካሳዬ ዓይናቸውን ጨፍነው ጎረሱ። ገበታው እፎይ ብሎ እጁን ሰደደ።

"እሺ፣ ቀጥሎስ?"

"በርበሬው። አይነክስም፤ ጉሮሮ ላይ ቁጭ ይላል።"

"የት ነው ያልሽኝ?"

"ጉሮሮ ላይ።"

"አዎ፣ አዎ" አሉና ዋጡ። "ይኸው ሙቀቱ ይሰማኛል። ወዲያስ?"

"ኮረሪማው ወደ አፍንጫ ይወጣል። ጨዉ መጨረሻ ላይ ይመጣና ሁሉንም ይሰበስባቸዋል።"

ሽማግሌው ደገሙ፣ ሰለሱ። አንድ እግር ዶሮ አነሱ፤ በሌለው ጥርሳቸው ጎተቱት፣ አኘኩት። ከዚያ ጠየቁ።

"ዶሮውስ?"

እትዬ የነጠላቸውን ጫፍ ጠቀለሉ።

"ዶሮውስ ምን ይላል፣ አስካለ?"

"እሱን እንኳ የቀመሰው የለም፣ ጌታዬ።"

"እንዴት የቀመሰው የለም? አሁን እዚህ ፊቴ አልቀመስሽም?"

"እኔም እንደ እርስዎ ነኝ። ከጥምቀት ወዲህ።"

አባባ ካሳዬ ማኘካቸውን አቆሙ። "ታዲያ ይህን ሁሉ ማን ነገረሽ?"

"ይቺ። የዘሀራ ልጅ። እስላም ናት፤ ቁሌቱን እንጂ ዶሮውን አትነካም።"

ሽማግሌው ዝቅ ብለው አዩኝ። ጋቢያቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሳቃቸው ድምፅ አልነበረውም፤ ትከሻቸው ብቻ ነበር የሚስቀው። እትዬም ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። ጋሽ ደምሴ ደንግጠው በሰው መሀል እየተጋፉ ደረሱ።

"አባባ፣ ምን ጎደለ? በሞቴ፣ ምን ጎደለ?"

"ምንም። ድሮ የምናውቀው ሰው ትዝ ብሎን ነው" አሉ እንባቸውን በጋቢያቸው እየጠረጉ። ጋሽ ደምሴ ሲሄዱላቸው ወደ እትዬ ዘንበል አሉ። "አሁን ዶሮውን እንዴት እንወቀው?"

ሁለቱ አዛውንቶች ገበታውን ዞር ዞር ብለው አዩ። ሙሽራው አፉ ሞልቷል። ሚዜዎቹ ቀና አይሉም። ፊታቸው ያለው ሳህን ላይ አጥንት ተከምሯል፤ ነጭ፣ የተጋጠ፣ ተልሶ የታጠበ የሚመስል።

"አጥንቱን እይ" አሉ አባባ ካሳዬ። "አንድ ጭረት ሥጋ ይታይሻል?"

"አይታየኝም።"

"እንግዲያ ጥሩ ነው።" ከዚያ ወደ እኔ ዞሩና "ማሻአላህ፣ ምን ያለች ምላስ ናት!" አሉ። ድምፃቸውን ደግሞ ከፍ አድርገው ለገበታው ሁሉ "ስሙ! ታናሹንም ልጃችንን ከዚሁ ቤት እንድረው። ወጥ ቤቷ ግን ይቺው አስካለ ትሁን!" አሉ። ዳሱ በእልልታ ተናጋ።

እትዬ እጅ ነሱና ቀጥ ብለው ወደ ምድጃው ተመለሱ። መንገድ ላይ ሁለት ልጃገረዶችን "ምን ተገትራችሁ ታያላችሁ፣ እንጀራው አልቋል!" ብለው ተቆጡ። ድምፃቸው እስከ እናቴ ዳስ ድረስ ተሰማ። እኔም ማንኪያዬን በቀሚሴ ጠርጌ ከኋላቸው ሮጥኩ፤ ለሁለተኛው ገበታ የሚቀርበው ጎመን ገና ጨው አልገባበትም ነበር።